የዓሣ አጥማጆች ዕቃና አጠባበቁ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር



ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በአምስተኛው ምዕራፍ የስምዖን ጴጥሮስን መጠራት ሲተርክ አንዲት ትንሽ ነገር አስቀድሞ ያነሣል፤ ይህችም ጌታችን ወደ ባሕሩ ዳር በመጣ ጊዜ አጥማጆቹ በመረብ እጠባ ላይ እንደ ነበሩ የምትናገረው ናት። ምዕራፉ በቤተ ክርስቲያን በተነበበ ቍጥር የሰሚው ልብ ወደ ጥሪውና ወደ ተአምራቱ ይሮጣል፤ ይህም የተገባ ነው። ስለዚህ የመረቡን መታጠብ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። እነዚያ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው አንዳች አልያዙም ነበር። እንቅልፍና ረኃብ የተጫነው፥ እጁም ባዶ የሆነ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ እንደ መተኛት ዓሣ ያልገባበትን መረብ ስለ ምን ያጥባል?

መልሱ ያለው በመረቡ ክር ነው። በዚያ ዘመን የገሊላ መረብ ይታታ የነበረው ከተልባ እግር ከተፈተለ ክር ነበር። የተልባ እግር ክር ጽኑ ነው፤ ውኃ ሲነካውም ይብሱን ይጠነክራል። ጠላቱ ውኃው ሳይሆን ከውኃው በኋላ የሚቀረው እርጥበት ነው። ጭቃ፥ የባሕር ሣርና የዓሣ ልጋግ የያዘ መረብ እንደ ወጣ ተጠቅልሎ በታንኳው ጥግ ቢጣል ሻጋታ ይይዘዋል፥ ክሩም ከውስጥ ይበሰብሳል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ዓሣ በበዛበትና በከበደበት ሰዓት፥ ይኸውም አጥማጁ ከሁሉ አብልጦ በሚፈልገው ሰዓት፥ ይበጠሳል። ዓሣ ያልገባበት መረብም ቢሆን ጭቃውንና ሣሩን ይዞ ወጥቷልና ከመታጠብ አይድንም። ለአንድ መረብ የሚሆነው ፈትልና ቋጠሮ ደግሞ የብዙ ወራት ሥራ ነው፤ መረቡ የበሰበሰበት ሰው አዲስ እስኪያበጅ ድረስ ልጆቹን የሚያበላበት የለውም። ስለዚህ የአጥማጅ ሥራ በየቀኑ ሁለት ነበር፤ ሌሊት ዓሣ መፈለግ፥ ጧት መረብ ማዳን።

ከመታጠብ በኋላ መስጣት ይከተላል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ አንሥቶታል፤ ሁለቱም ንባብ ጐን ለጐን ሲታይ ያስደንቃል። በሃያ ስድስተኛው ምዕራፍ ጢሮስ የተባለችው ባለጠጋ ከተማ ፈርሳ ባዶ ዓለት እንደምትሆን፥ በዚያም ዓለት ላይ መረብ እንደሚሰጣ ይናገራል፤ በዚያ የመረብ ማስጫ የጥፋት ምልክት ነው። በአርባ ሰባተኛው ምዕራፍ ግን ከመቅደሱ የወጣው ውኃ የሞተውን ባሕር በፈወሰ ጊዜ በዳርቻው ሁሉ መረብ ይሰጣል ይላል፤ በዚህ ደግሞ የሕይወት ምልክት ነው። ነቢዩ የዳርቻ ሰዎችን ኑሮ ያላየ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ምሳሌ ከወዴት ባገኘው ነበር? መረብ የሚሰጣበት ስፍራ ሣርና እሾህ የሌለበት፥ ነፋስ የሚያገኘው፥ ሰውም ከብትም የማይረግጠው መሆን አለበትና፤ በሰው በተሞላች ከተማ መካከል እንዲህ ያለ ስፍራ አይገኝም።

ሦስተኛው ሥራ መጠገን ነው። ማቴዎስና ማርቆስ የዘብዴዎስን ልጆች በታንኳ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ እንደ ተጠሩ ይመሰክራሉ። በጽርእ ቋንቋ የተጻፈበት ግሥ ካታርቲዞ ነው፤ የጐደለውን ማሟላት፥ ከስፍራው የወጣውን ወደ ስፍራው መመለስ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ገላትያ ሰዎች ሲጽፍ በኃጢአት የወደቀውን ወንድም ስለ ማቅናት የተናገረው በዚሁ ግሥ ነው። በወንጌል የሚጠራው መረብም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከታንኳ ወይም ከዳር ሆኖ አንድ ሰው በክንዱ የሚወረውረው ክብ መረብ አለ፤ ብዙ ሰው ከሁለት ወገን ይዞ ወደ ምድር የሚጐትተው ረጅም መረብም አለ። መቃጥን ግን በሐዲስ ኪዳን የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቅዱስ ጴጥሮስ የቤተ መቅደሱን ግብር ከዓሣ አፍ ባወጣበት በማቴዎስ ወንጌል በአሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ነው።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ ዛሬ የተረፈው ምንድር ነው? በገሊላ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው አብዛኛው መረቡን ወደ ታች ይስብ የነበረው የተበሳ ድንጋይና እርሳስ ነው፤ ክሩ ጠፍቷል። ነገር ግን በ1986 በጥር ወር (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ባሕሩ በድርቅ ሸሽቶ ሳለ፥ በጊኖሳር የሚኖሩ ሁለት ወንድማማች አጥማጆች በጭቃው ውስጥ የታንኳ ጠርዝ አገኙ። ተቈፍሮ ሲወጣ ርዝመቱ ከስምንት ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፥ ስፋቱም ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ሆነ፤ ዘመኑም በጌታችን ሥጋዌ ዘመን አቅራቢያ እንደ ሆነ ሊቃውንት መረመሩ። አንድ የሸክላ ድስትና አንድ መብራት አብረውት ተገኝተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው እንጨቱ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓይነት ዛፍ ተቈጥሮበታል። አሮጌ ሳንቃ እየተነቀለ ከሌላ ታንኳ በተረፈ ቍራጭ እየተተካ ብዙ ዘመን ያገለገለ የድኻ ሰው ታንኳ ነበር ማለት ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያቈየውም የዳርቻው ጭቃ ነው፤ ጭቃው አየር ስለ ከለከለው አልበሰበሰም። በወጣ ጊዜ ደግሞ በፀሐይ ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅና እንዳይፈርስ እንደ ሰም ያለ ነገር በተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ ብዙ ዓመት መዘፈቅ ግድ ሆነ። እንግዲህ መረቡን የሚያድነው መድረቅ ታንኳውን ሊያጠፋው ነበር። አጠባበቅ ለሁሉ አንድ ሕግ እንደሌለው ይህ ያሳያል፤ የዚህ ደብር ገበዝና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ብራናውንና ልብሰ ተክህኖውን፥ ናሱንና ዕጣኑን በየስፍራው ለይተው የሚያኖሩ ናቸውና ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

እርጥብ ረግረግ መረብን ራሱን ጠብቆ ያስገኘበት ጊዜም አለ። በ1913 በካሬሊያ ምድር፥ አንትሬያ በሚባል ስፍራ አንድ ገበሬ ቦይ ሲቈፍር ከአኻያ ልጥ የተታታ መረብ አገኘ፤ የጥድ ቅርፊት ተንሳፋፊዎቹና የድንጋይ ክብደቶቹ አብረውት ነበሩ። ዕድሜው ዐሥር ሺህ ዓመት ያህል ነው። ባለቤቱ ግን መረቡን ያኖረው መስሎት አይደለም፤ በውኃ የጠፋበት ነው። ሰው በጥንቃቄ ያስቀመጠው ሁሉ በስብሶ፥ የጠፋው ግን ተጠብቆ ተገኘ።

እስከዚህ የተነገረው ስለ መረብ ነው፤ በመቃጥን የሚያጠምድ ሰው ግን ሌላ ጭንቀት አለው። መቃጥኑ ይዝጋል፥ ክሩም ከክር ጋራ ይተበተባል። በ19ኛው መቶ ዓመት በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጥማጆች በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ከአንድ ሺህ የሚበዛ መቃጥን ያስሩ ነበር። በእያንዳንዱ መቃጥን ላይ ማባበያውን የሚሰኩት፥ ገመዱንም ለባሕር የሚያሰናዱት ሚስቶቻቸውና ሴቶች ልጆቻቸው ነበሩ። ጠፍጣፋ ቅርጫት ወስደው ገመዱን በተርታ እየጠቀለሉ ያኖራሉ፤ በአንዱ ተርታና በሚቀጥለው መካከልም ሣር ይጐዘጕዛሉ። ይህ ሣር ባይኖር መቃጥኑ መቃጥኑን ይይዘዋል፤ ባሎቻቸውም በማዕበል መካከል ገመዱን ሲለቅቁ የተተበተበው መቃጥን እጃቸውን ሊወጋ፥ ከታንኳም ሊጐትታቸው ይችላል። የባሕሩ ሰው ነፍስ በቤት በተቀመጠችው ሴት አጠቃለል ላይ ተንጠልጥላ ነበር ቢባል ከመጠን ያለፈ ነገር አይደለም። ስለ አጥማጆች የተጻፉ መጻሕፍት ግን ስለ ጐበዞቹ ቀዛፊዎች ብዙ ሲናገሩ ስለዚህ ቅርጫት የሚሉት ጥቂት ነው።

በወንዝ ዳር በዘንግ የሚያጠምደው ሰው ዕቃ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነበር፤ ሣጥን የተባለው ነገር በብዙ የተመረመረውም በእርሱ ዘንድ ነው። እንግሊዛዊው ኢዛክ ዋልተን በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ የታወቀውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ የዘንጉ ክር ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነበር። ከዚያ በኋላ ከስፔን አገር ከሙርሲያ የሚመጣ ሌላ ክር ተገኘ። የሐር ትል ሐሩን ሊፈትል ሲቃረብ በሆምጣጤ ይዘፈቃል፤ የሐሩም ከረጢት ከሆዱ ወጥቶ በሁለት እጅ ሲሳብ አንድ ጽኑ ጅማት ይሆናል። ይህ ጅማት በውኃ ውስጥ ለዓሣ ዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሲደርቅ ግን ተሰባሪ ይሆናል፥ ደርቆ ሳለ የቋጠረውም ሰው ዓሣው ሲስብ ቋጠሮው ይከዳዋል። ስለዚህ አጥማጁ ጅማቱን የሚያረጥብበት ክብ የቆርቆሮ ዕቃ በኪሱ ይይዝ ነበር፤ በውስጡ በውኃ የራሰ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አለ፥ ጅማቱም በጨርቁና በጨርቁ መካከል ያድራል።

መቃጥኑ ግን ብረት ነውና እርጥበት ይጠላል። በላባ የተሠራችው ሰው ሠራሽ ዝንብም እርጥበት ሲያገኛት ትጨማደዳለች፥ ደረቅ ስፍራ ብቻዋን ብትተው ደግሞ ብል ይበላታል፤ ከእርስዋ ጋራ የብል መድኀኒት ያኖሩ ነበር። ሐሩ ክር ደግሞ ሦስተኛ ጠባይ አለው፤ በዘይት የተነከረ ስለ ሆነ በመዘውሩ ላይ እንደ ተጠቀለለ ከነእርጥበቱ ቢያድር ይበሰብሳል፥ በሙቀት ቢቀመጥ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ አጥማጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ክሩን ሁሉ ፈትቶ በሰፊ የእንጨት ማድረቂያ ላይ ይጠቀልለዋል፥ ለክረምትም ላላ አድርጎ ያኖረዋል። እንግዲህ አንዱ ዕቃ መራስ፥ ሁለተኛው መድረቅ፥ ሦስተኛው ከመዘውር መፈታት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ ሁሉም የአንድ ሰው፥ ሁሉም የአንድ ቀን ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ ዝንቦቹ የሚኖሩት እንደ መጽሐፍ በሚገለጥ፥ ቅጠሉ ከሱፍ ጨርቅ በሆነ የቈዳ ከረጢት ውስጥ ነበር። ከረጢቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሱፉና ቈዳው እርጥበቱን ይዘው ስለሚቈዩ መቃጥኑን ያዝጉታል። በኋላ ቡሽ የተለጠፈበት የእንጨት ሣጥን፥ ውጪው ጥቁር ውስጡ ነጭ የተቀባ የቆርቆሮ ሣጥን፥ ትንንሽ ክዳን ባላቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ቀላል የብረት ሣጥን ተከታተሉ። ውስጡ ነጭ መሆኑ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ጥቃቅኑ መቃጥን በማታ ብርሃን እንዲታይ ነው። እነዚህ አሮጌ ሣጥኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ በዋጋ ይሸጣሉ። ሣጥኑን የሚገዙት አንዳንዶች ውስጡን ጠርገው ያብረቀርቁታል፤ ይህ ሥራ አይመሰገንም። በክፍሎቹ ውስጥ የቀረው የዛገ መቃጥን፥ የጅማት ቍራጭ፥ የቡሽ ፍርፋሪ ሟቹ ባለቤት በምን ውኃ ምን እንዳጠመደ የሚናገር ነውና፤ ተጠርጎ የተወለወለው ሣጥን ግን ስለ ጌታው አንዳች አይናገርም።

በአሜሪካ አገር ክዳኑ ሲነሣ መደርደሪያዎቹ እንደ ደረጃ እየተነሡ የሚከፈቱ ትልልቅ የብረት ሣጥኖች ተሠሩ፤ በኋላም የፕላስቲክ ሣጥን ተተካ። በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ደረሰ። ከ1949 ጀምሮ ትል የሚመስል ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ ለገበያ ወጣ። ትሉን የሚያለሰልሰው ዘይት ግን የሣጥኑን ፕላስቲክ ያቀልጠው ነበር። ክረምቱን ሳይከፍተው የቈየ አጥማጅ ሣጥኑን ሲከፍት ትሉና መደርደሪያው አንድ እብጠት ሆነው ያገኛቸዋል። ሠሪዎቹም ትሉ የማያቀልጠው ሌላ ፕላስቲክ እስኪያገኙ ድረስ ጥቂት ዘመን አለፈ። ሰው እርጥበትን ድል ነሣሁ ባለ ጊዜ ዕቃው በዕቃው ላይ ተነሣ።

የመረብ ነገር ደግሞ በዚያው ዘመን ፈጽሞ ተለወጠ። በአውሮፓ ዳርቻዎች የጥጥ መረብ እንዳይበሰብስ የዛፍ ልጥ በትልልቅ ጋን እየተቀቀለ በውኃው ይነከር ነበር፤ በኋላም ከህንድና ከበርማ የሚመጣ፥ ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ ጭማቂ ይህን ተካ። ቈዳ ፋቂ የሚያደርገውን ሁሉ አጥማጁ በመረቡ ያደርግ ነበር፤ ይህንም ደጋግሞ ማድረግ ነበረበት። በ1938 ግን ናይሎን የተባለው ክር በአሜሪካ ታወጀ። ይህ ክር አይሻግትም፥ አይበሰብስም፥ መድረቅን አይፈልግም፥ ብልም አይበላውም። ከጥቂት ዐሥርታት በኋላ የሐር ትሉ ጅማት ከገበያ ጠፋ፤ የልጡ ጋን ከዳርቻው ተነሣ፤ የክር ማድረቂያውም ከሰገነት ላይ ወጥቶ የሰብሳቢዎች ጌጥ ሆነ። አጥማጁ ዐረፈ። ያን ጊዜ ክፉ ነገር መጣ ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ይህ ክር ወደ ጣና የገባበት ታሪክ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ይልቁንም ሊታወቅ የሚገባ ነው። በጣና ከጥንት ጀምሮ ወይጦዎች ከደንገል በሚታሰር ታንኳ ያጠምዱ ነበር። ይህ ሕዝብ በጎረቤቶቹ ዘንድ ብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል፤ ነገር ግን ወደ ደሴት ገዳማት መነኮሳትንና እህልን ሲያሻግር የኖረው ደንገሉን የማሰር ጥበብ የእርሱ ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ዳር ተጐትቶ መድረቅ አለበት፥ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ስለዚህ ከዳር ብዙ አይርቅም፥ የሚይዘውም ዓሣ በልክ ነበር።

በ1986፥ የገሊላው ታንኳ ከጭቃ በወጣበት በዚያው ዓመት፥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍልና ከሆላንድ አገር ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ጋራ ሆና በጣና የዓሣ ልማት ሥራ ጀመረች፤ ከእነዚህም ድርጅቶች አንዱ ዑርክ ከምትባለው የአጥማጆች ከተማ የመጣ ነበር። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ተሰጡ። አሳቡ በጎ ነበር፤ የሐይቁ ዳር ድኻ ከሐይቁ እንጀራ እንዲያገኝ ነው፥ ብዙ ሰውም አግኝቷል። በዐቢይ ጾም ወራት ገበያው ዓሣ አብዝቶ የሚፈልግ መሆኑንም ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን ሊቃውንት በ1991 እና በ2001 መካከል የተያዘውን ሲመዝኑ፥ በጣና ብቻ የሚገኘው ነጭ ዓሣ ከነበረው ወደ ሩብ ያህል ወርዶ አገኙት። ነጭ ዓሣ በክረምት ማብቂያ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባል፤ መረቡም በዚያ ይጠብቀው ነበር። ይህን ማንሣት ያን ሥራ የጀመሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ ዓሣውንም ያሳነሰው መረቡ ብቻ አይደለም፥ በዳርቻው ያለው ረግረግም ታርሷል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በእጅዋ የሰጠችው መረብ ነውና ነገሩ ሌላውን እንደሚመለከት ሆኖ ሊነገር አይገባም።

የተልባ እግር መረብ ቢጠፋ፥ በውኃ ውስጥ በጥቂት ጊዜ በስብሶ ያልቃል፤ ዓሣውም ይድናል። የናይሎን መረብ ግን ባለቤቱ ቢረሳው፥ ማዕበል ቢወስደው፥ ወይም ተቀድዷል ብሎ ቢጥለው፥ የሚያነሣው ሳይኖር ዓሣ መያዙን አያቆምም። ቆሮሶው ይገባበታል፥ ይሞታል፥ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን ሊበላ አምባዛው ይመጣል፥ እርሱም ይያዛል። ይልቁንም በገበያ ርካሽ የሆነው፥ እንደ መስታወት የሚያሳልፈው ነጠላ ክር መረብ ፈጥኖ ስለሚቀደድ ፈጥኖ ይጣላል። በጥንት መረቡን ከውኃው ማዳን ነበር ሥራው፤ ዛሬ ግን ውኃውን ከመረቡ ማዳን ሆኗል፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ያው ሰው ከሌሊት ሥራው በወጣበት ሰዓት ነው። በ2018 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች እያንዳንዱ የማጥመጃ ዕቃ የባለቤቱ ምልክት እንዲኖርበት የሚመክር መመሪያ ተቀብለዋል። ምልክት ያለበት መረብ ቢጠፋ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ቢገኝም ይመለስለታል። አሮጌውን መረብ ቈጥሮ ወደ ምድር ማውጣት፥ ከዓሣና ከወፍ ርቆ በሚገኝ ስፍራ ማከማቸት የማንንም ሀብት አይጠይቅም፤ በየዳርቻው ባሉት አጥቢያዎች ደግሞ ሰንበቴና ማኅበር አለ፥ ማኅበርተኛውም ብዙው አጥማጅ ወይም የአጥማጅ ዘመድ ነው።

የገሊላው ታንኳ ከ2000 ጀምሮ በጊኖሳር በተሠራለት አዳራሽ ተቀምጧል፤ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ተለክቶ ይጠበቅለታል። በጣና ዳር የደንገሉ ታንኳ ከሥራ ሲወጣ አሁንም እንደ ጥንቱ በምድር ላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ውኃውን እያንጠባጠበ ይውላል፥ አጥማጁም ማታ ሲመለስ መጀመሪያ በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ይመዝነዋል።